ምጣዱ ከአልጋው ስር ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከ2011 ጀምሮ ስድስት ዓመት ያህል ታብሌት ይዤ ቤት ለቤት ስዞር ነበር። ሥራዬ መረጃ መሰብሰብ ነው። ችግረኛ ልጆችንና ቤተሰቦቻቸውን የሚረዱ ድርጅቶች ሥራቸው ለውጥ ማምጣቱን ማወቅ ሲፈልጉ እንደኔ ያለውን ሰው ይቀጥራሉ። ሲጀመር የመነሻ ጥናት፣ ሲያልቅ የማጠቃለያ ጥናት። በጥር 2017 የአሜሪካ እርዳታ ሲቋረጥ ብዙ ፕሮጀክት ታጠፈ፤ የኔም ሥራ አብሮ ቆመ። ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ አንድ ምጣድ ነው።

ምጣዱ የተሰጣት ሴት የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ባሏ ሞቶባታል። የምትኖረው በቀበሌ ቤት፣ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ፕሮጀክት እንጀራ ጋግራ እንድትሸጥ የኤሌክትሪክ ምጣድና ለጤፍ መግዣ የሚሆን መነሻ ገንዘብ ሰጥቷታል። እኔ ለማጠቃለያ ጥናቱ በ2014 ሄድኩ። ፎርሙ «የተሰጠዎት ንብረት አሁን በእጅዎ ይገኛል?» ይላል። «አዎ» አለች። እኔም «አዎ» የሚለውን ነካሁ። ቀጣዩ ጥያቄ መጣ።

ልወጣ ስል «እስቲ ምጣዱን ልየው» አልኳት። ፎርሙ ይህን አይጠይቅም፤ እንዲሁ አፌ ላይ መጣልኝ። ጎንበስ ብላ ከአልጋው ስር ጎትታ አወጣችው። በማዳበሪያ ተጠቅልሏል። የድርጅቱ ስም ያለበት ወረቀት እንኳ ገና አልተላጠም። ግቢው ውስጥ ያሉት አምስት ቤቶች የሚጋሩት አንድ ቆጣሪ ነው። ምጣዱ ሲሰካ የግቢው መብራት ድርግም ይላል። ጎረቤት አጉረመረመ፤ ቆጣሪው በስሙ ያለው ሰውዬም ከለከላት። ሁለቴ ጋግራ ተወችው። ገንዘቡ ለትንሹ ልጅ ሕክምና አለቀ። እሷም ወደ ልብስ አጠባዋ ተመለሰች።

«ታዲያ ለምን አልሸጥሽውም?» አልኳት።

«መጥታችሁ ብታጡትስ? የልጆቼን ስም ይሰርዙብኛል ብዬ ፈራሁ እኮ፣ የኔ እህት።»

ምጣዱ እዚያ የተቀመጠው ለእኛ ነው። እኛ ቆጥረን እንድንሄድ። ይህን ስሰማ በጣም አፈርኩ። ማንም አልዋሸም፤ እሷም እውነቷን ነው፣ እኔም የነገረችኝን ነው የሞላሁት። ለሱፐርቫይዘሬ ስነግረው «አስተያየት» የሚለው ቦታ ላይ ጻፊው አለኝ። ጻፍኩ። ያን ቦታ ማን እንደሚያነበው እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ሌላም ነገር አለ። በ2011 የመነሻ ጥናት ትልቋ ልጅ ከትምህርት ቤት ደጋግማ ትቀር እንደነበር ተመዝግቧል። በ2014 ግን አንድ ቀን እንኳ አልቀረችም። ወረቀት ላይ የፕሮጀክቱ ውጤት ይመስላል። እናትየዋ ግን ሳልጠይቃት «እዚያው ቁርሷንም ምሳዋንም ስለምትበላ ነው» አለችኝ። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባውን የጀመረው በ2012 የትምህርት ዘመን፣ በሁለቱ ጥናቶች መሃል ነው። ፎርሙ «ልጅሽን ምን ረዳት?» ብሎ ስለማይጠይቅ ይህ መልስ ማረፊያ አጣ። እንዲህ ከሆነ ገንዘብ ሲያጥር የሚሠራው ታጥፎ የማይሠራው ሊቀጥል ይችላል። አሁን ደግሞ ገንዘብ ያጠረበት ጊዜ ነው።

ልጅቷ ያን ሁሉ ሰዓት አጠገባችን ነበረች። ጥፍሯን እየነካካች ታዳምጣለች። ስለ ረሃብ፣ ስለ ዱላ፣ ስለ አባቷ ሞት እናቷን ስጠይቅ ሰምታለች። እሷን የሚጠይቅ አንድም መስመር ግን አልነበረም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናትን የሚመለከት ነገር ሲወሰን የልጁ ደህንነት መቅደም እንዳለበት ይናገራል። ታዲያ ልጅቷን በእናትየዋ ፈቃድ፣ እናት እያየቻት ግን ንግግራቸውን ሳትሰማ፣ የሠለጠነች ሴት ለብቻዋ ብታናግራት ምን ችግር አለው?

ድርጅቶችን የምለምነው ብዙ አይደለም። ምጣድ ከመስጠታችሁ በፊት ቆጣሪውን እዩ። «አለ ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን ጋገርሽበት?» በሉ። ሸጣው ከሆነም እንደማትቀጡ አስቀድማችሁ ንገሯት፤ ያለዚያ እውነቱን አታገኙም። ፕሮጀክቱ ካለቀ ከዓመት በኋላም ተመለሱ፤ የቤቱ ጉድ የሚታየው ያኔ ነው። ያገኛችሁትንም በእድሩ ድንኳን ሰብስባችሁ በአማርኛ ለራሳቸው ንገሯቸው።

ስሰናበታት «ባለፈው የጠየቃችሁኝስ ምን ደረሰ?» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ቤቱን አሁንም አውቀዋለሁ። መልሱን ሰጥቶ የሚልከኝ ካለ ያለ ውሎ አበል እሄዳለሁ።

የቀድሞ መረጃ ሰብሳቢ
ከኮልፌ፣ አዲስ አበባ