የትብብር ደብዳቤውን ከመፈረምዎ በፊት

ይድረስ ለጤና ሥራ ኃላፊው፤

ጤና ይስጥልኝ። ስምዎንም የመሥሪያ ቤትዎንም ስም እዚህ አልጠቅስም። እናቴ ስለተጠየቀችበት የጤና ጥናት በእጄ ያስገባኋቸው ሁለት ማመልከቻዎች መዝገብ ቤትዎ ስላሉ፣ ማን እንደሆንኩ ለማወቅ አይቸገሩም። ለሦስተኛ ጊዜ ስመጣ «ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ሌላ ቀን ሞክሪ» ተባልኩ። መመላለሱ ስለሰለቸኝ ሰው ሁሉ በሚያነብበት ቦታ ጻፍኩልዎ።

እናቴ የምትኖረው ከጎንደር ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። አምና ግንቦት ላይ ሁለት ወጣቶች ታብሌት ይዘው ቤቷ መጡ። ጥናት ነው አሏት። ቡና አፈላችላቸው። ውኃ ከየት እንደምትቀዳ፣ ስንት ከብት እንዳላት፣ ስንት ልጅ ወልዳ ስንቱ እንደሞተባት ጠየቋት። የሞቱትን ስትቆጥር አልቅሳለች። ከዚያ የደም ግፊቷን ለኩ። 180 በ110። «እማማ፣ ግፊትዎ በጣም ከፍ ብሏል፤ ነገ ዛሬ ሳይሉ ጤና ጣቢያ ይሂዱ» ብለው፣ የስምምነት ወረቀቱን ግልባጭ ሰጥተዋት ሄዱ። ልጆቹ ጨዋ ነበሩ። በእነሱ ቅሬታ የለኝም።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ ጤና ጣቢያ ደረሰች። የጤና መድን ደብተሯን ይዛለች፤ መዋጮዋን አንድም ዓመት አላጓደለችም። መድኃኒት ተጻፈላት። «እኛ ጋ አልቋል፣ ከውጭ ይግዙ» አሏት። ሁለት ዶሮ ሸጣ የአንድ ወር ገዛች። ሲያልቅባት እንደገና ሄደች። የለም። ለሦስተኛ ጊዜ ሄደች። አሁንም የለም። ከዚያ ቀረች። ለእኔም አልነገረችኝም። በኋላ ስጠይቃት «አንቺን ላስጨንቅ?» አለችኝ።

የጥምቀት ሰሞን ቀኝ እጇ ከዳት። አፏ ተጣመመ። ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመው አስፋልት አደረሷት። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ዛሬ ቆማ ትሄዳለች። እንዝርት ግን መያዝ አትችልም። እንጀራ የሚጋግርላት ሰው ነው።

ደም ግፊት ሳያም ውስጥ ውስጡን ይጎዳል። በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ደግሞ እንዲህ ካለው የአንጎል ምት (ስትሮክ) ሊያድን ይችላል። ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። እናቴ በሽታዋ ቀድሞ ታውቆላት ነበር። ልኬቷ ታብሌት ውስጥ ገባ፤ ኪኒኑ ግን እጇ አልገባም።

የስምምነት ወረቀቱን አሁንም ይዤዋለሁ። ውጤቱ የአካባቢውን የጤና አገልግሎት ለማሻሻል እንደሚውልና ለማኅበረሰቡም እንደሚገለጽ ይናገራል። ዓመት አልፎታል፣ ለቀበሌው ሰው የገለጸለት የለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠየቅኋት። እሷም አላየችውም። ልጆቹን ቤት ለቤት እየመራች ያዞረቻቸው እኮ እሷ ናት! እዚያ ቀበሌ ስንት ሰው ግፊቱ ከፍ ብሎ እንደተገኘ፣ ከእነሱስ ስንቱ መድኃኒት እንደጀመረ ልትነግረኝ አልቻለችም።

ጥናት ይቅር አላልኩም። የጎንደር ልጅ ነኝ። የጤና ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው ደምቢያ ላይ ወባ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ ነው። ተማሪዎቹ ቆላድባን ወደመሰሉ የገጠር ጤና ጣቢያዎች ወርደው፣ እያከሙ ይማሩ ነበር። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ደግሞ ዳባት ላይ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ልደትና ሞት ቤት ለቤት እየተከታተሉ ይመዘግባሉ። በዚህ ሁሉ እኮራለሁ። ግን ይህ ሁሉ ዕውቀት ከገበሬው ጎጆ የወጣ ነው። የገጠሩ ሰው ጊዜውን ሰጥቷል፣ ደሙን ሰጥቷል፣ የቀበራቸውን ልጆች ቁጥር ሳይቀር ሰጥቷል። እኔ ጎንደር ከተማ፣ ማራኪ ሰፈር ተከራይቼ ነው የምኖረው። ያንኑ ኪኒን ከቤቴ ወጥቼ በአምስት ደቂቃ እገዛለሁ። ለጥናቱ ቡና ያፈላችው ግን እናቴ ናት፤ ኪኒኑን ያጣችውም እሷ። አንጀቴን የሚያቃጥለኝ ይህ ነው።

አጥኚዎቹ ቀበሌው የገቡት በትብብር ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ላይ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው። ሲፈርሙ፣ ግፊቱ ከፍ ብሎ የተገኘ ሰው የት እንደሚታከም ጠይቀዋል? ጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት ውስጥ ምን እንዳለ አጣርተዋል? ውጤቱ ተመልሶ በቀበሌው ስብሰባ፣ ሰው በሚገባው አማርኛ እንዲነገር ቀን አስቆርጠዋል? ማመልከቻዎቼ ላይ የጠየቅኩት እነዚህን ሦስቱን ነው። አንዱም አልተመለሰልኝም።

ጥቅምት ላይ ሁለተኛው ዙር ይመጣል ተብሏል። እናቴም ስም ዝርዝሩ ውስጥ አለች። አዲሱ የትብብር ደብዳቤ ጠረጴዛዎ ላይ ሲቀርብ፣ ብዕር ከማንሳትዎ በፊት ጤና ጣቢያው ጋ ይደውሉ። የግፊት መድኃኒት አለ ወይ ብለው ይጠይቁ። የለም ካሉዎት አይፈርሙ።