የደነዘ ፑንታ አይጣል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ድሪል መብሻ የሰጣችሁት «ፑንታ ከደነዘ አዲስ ግዙ» የሚለው ምክራችሁ አልተዋጠልኝም። ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ የስለት መሳያ ማሽን ካለች ሥራው የደቂቃዎች ነው። ለእንጨትና ለተራ ብረት ጫፉን በ118 ዲግሪ፣ ለጠንካራ ብረት በ135 መሳል ነው። ዋናው ጣጣ ጫፉ ላይ ያሉትን ሁለቱን ስለቶች እኩል ማድረጉ ላይ ነው። አንዱ ከረዘመ ቀዳዳው ከፑንታው ውፍረት ይሰፋል። እኔ የማጣራው በፍቅፋቂው ነው። ብረት ስበሳ ከሁለቱም ጎን ጥቅልል እያለ ከወጣ፣ አለቀ፣ ተስሏል። ከአንድ ጎን ብቻ ከመጣ ወደ ማሽኑ ይመለሳል። ደግሞ ስትስሉት አትጫኑት፤ በስሱ፣ ግራና ቀኙን እኩል።

የግንብ ፑንታ ግን ጫፉ ካርባይድ የሚባል እጅግ ጠንካራ ቁስ ስለሆነ በተራ መሳያ ድንጋይ አይሞከርም፤ የአልማዝ ድንጋይ ይፈልጋል። እንደ መርፌ የቀጠኑትንማ እኔም አልታገላቸውም፤ እነሱን ግዙ።

የዘወትር አንባቢያችሁ