አባዬ፣ የዛችን እናት ስም ንገረኝ

አባዬ እንዴት ነህ፣ ጉልበትህስ እንዴት አደረገህ? እማዬ ስኳሩ ወርዶለታል ብላኛለች ግን ካንተ አፍ ካልሰማሁ አላምንም። እኛ ደህና ነን እግዚአብሔር ይመስገን። ስልክ ላይ ጆሮህ እያስቸገረህ ስለሆነ ነው በቴሌግራም የምጽፍልህ፣ ቤቢ ቀስ ብላ ታንብብልህ፣ ሳትቸኩል።

እኔጋ ናይት ሺፍት አብራኝ የምትሰራ አንዲት ጋናዊት አለች። በቀደም ሽማግሌዎቹን አስተኝተን ቁጭ ብለን አባቴ ወንጀል መርማሪ ነበር ስላት እሷ ደግሞ የሀገሯን ጉዳይ አወራችኝ፣ ከዛ ቤት ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ሁለት ሶስት ቀን ስለሱ ሳነብ ከረምኩ። አንተን ነበር የሚያሳስበኝ ሙሉውን ጊዜ።

ነገሩ ጋና ገና ጎልድ ኮስት እየተባለች በእንግሊዝ እጅ እያለች ነው፣ 1944፣ በኛ የካቲት 1936፣ አንተም ሳትወለድ። ኪቢ የምትባል የአክየም አቡአክዋ ንጉሥ መቀመጫ አለች፣ የወርቅና የካካዋ ሀገር ነው። ንጉሡ ናና ሰር ኦፎሪ አታ ወደ ሰላሳ አንድ አመት ነግሶ በ1943 ነሐሴ ላይ ሞተ፣ ሰር ያሉት እንግሊዞቹ ናቸው። ከስድስት ወር በኋላ የመጨረሻው ስርዓት ይደረጋል፣ እንደኛ ተዝካር በለው፣ ህዝቡ ከየመንደሩ ይመጣል። አፔድዋ ከምትባል መንደር ሹሙ አክዬአ መንሳህም መጣ፣ ኦዲክሮ ይሉታል የመንደር ሹምን። የሰው ለቅሶ ሊደርስ የሄደ ሰው እንደወጣ ቀረ።

አቃቤ ህግ ያለው እንዲህ ነው። የሞተ ንጉሥ በርጩማ ለመታሰቢያ ይጠቁራል፣ እዛ በርጩማ ማለት ዙፋን ነው፣ እና ሹሙን የገደሉት በደሙ በርጩማውን ሊያጠቁሩበት ነው አለ። ስምንት ሰው ተከሰሰ፣ ብዙዎቹ የንጉሡ ቤተሰብ ናቸው፣ 1944 ሳያልቅ ስምንቱም ሞት ተፈረደባቸው። ከዛ በኋላ ያለው ነው የገረመኝ አባዬ። የተከሳሾቹ ጠበቃ ዳንኳ የሟቹ ንጉሥ ወንድም ነው፣ በአባት የሚገናኙ፣ ለንደን የተማረ ትልቅ ጠበቃ፣ ይግባኝ በይግባኝ ላይ እያለ እስከ ለንደን ወሰደው፣ መስቀያ ቀን ይቆረጥና ይታገዳል፣ እንደገና ይቆረጥና ይታገዳል፣ ሁለት አመት ከምናምን። የእንግሊዝ ፓርላማ ውስጥ ሳይቀር ተነሳ፣ የጎልድ ኮስት እንግሊዛዊ ገዢ አላን በርንስ በስራዬ ጣልቃ ከገባችሁ ስልጣኔን እለቃለሁ እስከማለት ደረሰ። በመጨረሻ መጋቢት 1947 ላይ ሶስቱ ተሰቀሉ፣ የቀሩት አልተሰቀሉም። ዳንኳ በዛው አመት የነጻነቱን ፓርቲ ከመሰረቱት አንዱ ሆነ፣ ሀገሩ ነጻ ከወጣች በኋላ ደግሞ 1965 ላይ እስር ቤት ውስጥ ሞተ፣ ይሄም ልብ ይሰብራል።

ገደሉት አልገደሉትም ብዬ ከዚህ ሆኜ መፍረድ አልችልም። አንተ ብታየው የምስክሮቹን ቃል ጎን ለጎን አስቀምጠህ እዚህጋ ይጋጫል ትል ነበር። እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። ሳነብ ሳነብ ስለ ገዢው አለ፣ ስለ ጠበቃው አለ፣ ስለ ንጉሡ ቤት፣ ስለ ሰር ምናምን፣ አክዬአ መንሳህ ግን ከመጀመሪያው ገጽ በኋላ የለም። ምን አይነት ሰው ነበር፣ ሲስቅ እንዴት ነው፣ የዛን ቀን ከቤት ሲወጣ መቼ እመለሳለሁ ብሎ ነበር? ሶስት አመት ሙሉ ክርክሩ የሌሎቹ ነፍስ ላይ ነው። ለነሱም ነፍስ መከራከር ተገቢ ነው እሱን አልቃወምም፣ ግን ሰውዬውስ?

አንተ ደግሞ ትዝ ይለኛል፣ አዲስ መዝገብ ሲመጣ መጀመሪያ የምትጠይቀው ገዳዩን አልነበረም። ሟቹ ማነው፣ ቤት ማን ይጠብቀዋል ነበር የምትለው። አንዴ እማዬ ራት አቅርባ እንደዛ ስትል ሰምቼሃለሁ፣ ሁለተኛ ክፍል ብሆን ነው።

እና ያ ከብት ሊሸጥ ገበያ ሄዶ ያልተመለሰው ልጅ። እናቱ አርብ አርብ እርጎ በቅል ይዛ እኛ በረንዳ ላይ ትቀመጥ ነበር፣ ተገኘ ወይ ትላለች፣ አንተ ገና ነው እናቴ ትላታለህ፣ ቅሉን ባዶውን አትመልስላትም፣ እማዬ ሽሮ ትሞላበታለች። መዝገቡ በማስረጃ እጦት ተዘግቷል ከተባለም በኋላ መጥታለች። አንተ ያን ለት ከሷ ጋር በረንዳው ላይ ቁጭ ብለህ እስኪመሽ ምንም አላወራችሁም፣ እኔ በመስኮት አይቻችሁ ነበር፣ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

አባዬ ስሟን አላውቀውም። የልጁንም አላውቀውም፣ ቤት ውስጥ "የአርቧ ሴትዮ" ነበር የምንላት። መዝገቡ አሁን የት እንዳለ፣ ይኑር አይኑር ማን ያውቃል፣ ያለው አንተጋ ነው። አንዳንዴ አሁን ስም እየጠፋብህ እንደሆነ እማዬ ነግራኛለች፣ አትቆጣት፣ ተጨንቃ ነው። ለዛ ነው ቶሎ የጻፍኩልህ።

ቤቢ ስልኩን ትያዝልህና በድምጽ ቅዳልኝ። ልጁ ማን ይባል ነበር፣ የማን ልጅ፣ ስንት ከብት ይዞ ወጣ፣ የጠረጠርከውን ሰው ስም አልፈልግም እሱን ተወው፣ የልጁንና የእናቱን ብቻ። ከደከመህ በሁለት ቀን አድርገው። እሁድ ከቅዳሴ ስትመለስ እደውላለሁ፣ በናትህ መድሃኒትህን ከምግብ በኋላ ውሰድ።

ልጅህ