ሜትሳሞር «የዓለም ጥንታዊ ዳቦ ቤት» አይደለም

ለተከበሩ አዘጋጅ፤

በቅርስ ገጻችሁ ስለ አርሜኒያ ያወጣችሁትን ዜና አነበብኩት። ርዕሱ «የዓለም ጥንታዊ ዳቦ ቤት ተገኘ» ይላል። ግኝቱ እውነተኛ ነው፤ ርዕሱ ግን ልክ አይደለም። ከርዕሱም ይልቅ ያስከፋኝ ቶኒር የሚባለውን ምድጃ «ዛሬ የጠፋው የአርመኖች የምድር ምድጃ» የሚለው መዝጊያችሁ ነው።

ከአርሜኒያ ዋና ከተማ ከዬሬቫን በስተ ምዕራብ በምትገኘው ሜትሳሞር የፖላንድና የአርሜኒያ አርኪዮሎጂስቶች ቃጠሎ ያወደመውን ትልቅ ሕንፃ ሲቆፍሩ በመጀመሪያ አመድ የመሰላቸው ነገር ሲመረመር የስንዴ ዱቄት ሆኖ ተገኘ። ሕንፃው በዘመኑ እስከ 3.5 ቶን ዱቄት ይይዝ እንደነበር ገምተዋል፤ በኋላ የተጨመሩ ምድጃዎችም ነበሩበት። ዕድሜው 3 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። ለደቡብ ካውካሰስ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በጊዛ የፒራሚድ ሠራተኞች ዳቦ ቤቶች ከዚያ ከ1 ሺህ ዓመት በላይ ይቀድማሉ። ዮርዳኖስ ውስጥ ደግሞ ሹባይቃ በተባለ ስፍራ 14 ሺህ ዓመት ያስቆጠረ ያረረ የቂጣ ፍርፋሪ ከምድጃ ውስጥ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ሆኗል። «ከሁሉ የቀደመ» የሚለውን ቃል ጋዜጦች እንዴት እንደሚወዱት!

ሌላም አለ። ዜናው የሼንጋቪትን ምድጃ «የ5 ሺህ ዓመት ቶኒር» ብሎታል። ሼንጋቪት ዛሬ በዬሬቫን ከተማ ውስጥ ያለ የነሐስ ዘመን መንደር ሲሆን በክብ ቤቶቹ መካከል የሚገኘው ከወለሉ ጋር የተያያዘ የሸክላ ማንደጃ ነው። እሳቱ ላይ ድስት መጣጃ የሚሆኑ፣ እንደ እኛ ጉልቻ የሚያገለግሉ የሸክላ እግሮችም ተገኝተዋል። ቶኒር ከዚህ የተለየ ነው፤ እስከ አፉ መሬት ውስጥ የተቀበረ፣ ከሥሩ አየር የሚያስገባ ቦይ ያለው፣ ሊጡ በውስጥ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ የሚጋገርበት ትልቅ የሸክላ ጋን ነው። የጥንቱ የድቪን ከተማ ቁፋሮ በመካከለኛው ዘመን ቤቶች ውስጥ በትክክል ቶኒር የሚባለውን አውጥቷል። ሁለቱን መደባለቅ ለአርሜኒያም ክብር አይጨምርላትም።

ጠፋ ስለተባለው ልመለስ። በሶቪየት ዘመን ለትምህርት ዬሬቫን በነበርኩበት ጊዜ የክፍል ጓደኛዬ አያት መንደር ሄጄ ነበር። ወጥ ቤቱ ውስጥ የጋዝ ምድጃ ነበር፤ ዳቦው ግን በጓሮ ዳስ ሥር ባለው ቶኒር ነው የሚጋገረው። የወይን ሐረግና ኩበት ይነድበታል፤ ነበልባሉ እስኪወርድና ፍሙ ብቻ እስኪቀር ይጠበቃል። አንዷ ሴት ሊጡን ትዳምጣለች። ሁለተኛዋ ከክንድ ወደ ክንድ እየወረወረች ታሳሳዋለች። ሦስተኛዋ ሞላላ ትራስ ላይ ወጥራ፣ ወገቧን ሰብራ የጋለው ግድግዳ ላይ ትመታዋለች። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ በመንጠቆ ትስበዋለች። እኔ ልሞክር ብዬ ተጠግቼ ነበር፤ አያቲቱ «ቅንድብህን ትወደው የለ?» ብለው አባረሩኝ። ሥራው የሴቶች ማኅበር ነው፤ ምድጃውን መሥራትና ትራሱን ማዘጋጀት ግን ለወንዶችም ይተርፋል።

ላቫሽ የሚባለው ይህ ስስ ቂጣ ደርቆ ተደራርቦ ለወራት ይቀመጣል፤ ሲፈለግ ውኃ ይረጭበትና ይለሰልሳል። በሠርግ ቀን ሙሽሮች ትከሻ ላይ ይጣላል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2014 የላቫሽ አዘገጃጀትን በአርሜኒያ ስም መዝግቦታል፤ በ2016 ደግሞ አዘርባጃን፣ ኢራን፣ ካዛኪስታን፣ ኪርጊዝስታንና ቱርክ ላቫሽን የሚጨምረውን የቂጣ ባህላቸውን በጋራ አስመዝግበዋል። ስለ ባለቤትነቱ ያለውን ክርክር ለእነሱ እተዋለሁ። ቶኒሩም ቢሆን ጎረቤቶቻቸው ሁሉ የሚያውቁት ምድጃ ነው።

በድሮው የገበሬ ቤት ቶኒሩ የሚተከለው ጣሪያው ላይ ካለው የጭስና የብርሃን መስኮት ሥር ነበር። በክረምት ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላዩ ላይ ይደረግና በብርድ ልብስ ይሸፈናል፤ ቤተሰቡ እግሩን ከሥሩ ዘርግቶ ይሞቃል። ሐሪሳ የሚሉትም የስንዴና የሥጋ ገንፎ ሌሊቱን ሲበስል የሚያድረው እዚያው ነው። ቤተ ክርስቲያን በሌለበት ካህኑ ጋብቻን በቶኒር ፊት ይባርክ እንደነበር ይነገራል። ሴቶቹ ሊጥ ሊለጥፉ ሲያጎነብሱ ለፀሐይ እየሰገዱ ነው የሚለውን የአስጎብኚዎች ወሬ ግን አልቀበለውም። ምድጃው ጥልቅ ስለሆነ ነው የሚያጎነብሱት።

ዛሬ የጋርኒን መንደር የሚጎበኝ ሰው ለቱሪስት ተብሎ ሲጋገር ያያል፤ ከተማ ውስጥም በጋዝ የሚሠራ ቶኒር ያላቸው ዳቦ ቤቶች አሉ። ተለውጧል ማለት ይቻላል፤ ጠፍቷል ግን አይባልም።

ስለዚህ ርዕሱም መዝጊያውም እንዲታረሙ እጠይቃለሁ። ስለ ጉዳዩ እንደገና የምትጽፉ ከሆነም ከውጭ ዜና ብቻ ከመቅዳት እዚሁ አዲስ አበባ ያሉትን አርመኖች ጠይቁ። ልዑል አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ ልጆች ከዘር ፍጅት የተረፉ ወላጅ አልባዎች ነበሩ። ከዘሮቻቸው አያት ቅድመ አያቶቹ ስለ ቶኒር ያወሩለት ሰው አይጠፋም።

ከአክብሮት ጋር፤
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ