የጉድጓድ ውሃ ናሙናውን እዚያው እናጣራ

ውድ አባላት፣

በፍግና በማዳበሪያ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር፣ ፎስፈረስ፣ አፈር ላይ ስለሚጣበቅ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ አይወርድም የሚለውን ነገር እንተወው። ለዓመታት ፍግና ማዳበሪያ የበዛበት ማሳ የመያዝ አቅሙ ይሞላል፤ ትርፉ ወደ ታች ይሰርጋል። የከርሰ ምድሩ ውሃ ኦክስጅን ሲያጣ ደግሞ የአፈሩ ብረት ይሟሟና ይዞት የነበረውን ፎስፈረስ ይለቀዋል። ይህ ውሃ ሐይቅ ሲገባ፣ በሊትር 0.03 ሚሊግራም ፎስፈረስ እንኳ አልጌ (አረንጓዴ የውሃ ሽበት) ሊያበዛ ይችላል።

አደራ፣ ናሙናውን እዚያው ጉድጓዱ አጠገብ በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አጣሩት። ጥርት ብሎ የተቀዳው ውሃ አየር ሲነካው ቡናማ ዝቃጭ ያወጣል። ዝቃጩ የብረት ዝገት ነው፤ ፎስፈረሱን ይዞት ይወርዳል። ላቦራቶሪ ከደረሰ በኋላ ከተጣራ ውጤቱ ከእውነቱ ያንሳል፤ ልፋታችንም ገደል ገባ ማለት ነው።

ከከባድ ዝናብ በኋላ ያለውን የናሙና ዙር በተለይ እንዳትዘሉት። ያኔ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ ብሎ ፎስፈረስ የበዛበትን የላይኛውን አፈር ይነካል።