ሮቶ ከመግዛታችሁ በፊት

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣
ጅማ

ሰሞኑን «ትልቅ ሮቶ ስቀሉልን» የምትሉን በዝታችኋል። ሮቶው መያዣ እንጂ ምንጭ አይደለምና ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህችን አንብቡልን።

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የጅማ ከተማ ነዋሪ 120,960 ነበር። ከዚያ ወዲህ የሕዝቡን ብዛትና የከተማዋን ስፋት እናንተም ታዩታላችሁ። ከአንድ መስመር የሚቀዳው ቤት ሲበዛ ግፊቱ ይወርዳል። ፈረቃ በደረሰ ሰዓት ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ሮቶውን አንድ ላይ ስለሚከፍት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለው ቤት መጨረሻ ይደርሰዋል።

ውሃ 10 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት 1 ባር ያህል ግፊት ይፈልጋል። ደካማ መስመር መሬት ላይ እየፈሰሰ 6 ሜትር ማማ ላይ ላለው ሮቶ ጠብታ ላያደርስ ይችላል። ስለዚህ የምንመክረው ሁለት ሮቶ ነው፦ አንዱ መሬት ላይ ሆኖ በራሱ ጊዜ በፍሎተር (ሲሞላ ውሃውን በሚዘጋ ተንሳፋፊ) ይሞላል፣ ፓምፑ ከእሱ ስቦ ላይኛውን ይሞላል። የታችኛው ሲያልቅ ፓምፑን የሚያጠፋ ማብሪያ አብሮ ይገጠም፤ ያለ ውሃ የሚሽከረከር ፓምፕ ውሃ እንዳያፈስ የሚያሽገውን ክፍል (ሲል) አቃጥሎ ያርፋል።

ፓምፑን በቀጥታ የውሃ ቆጣሪው ላይ ግጠሙልን ስትሉን እምቢ የምንለው ለክፋት አይደለም። ባዶ በሆነ መስመር ላይ ሲስብ የቧንቧው ውስጥ ግፊት ከውጭው አየር በታች ይወርዳል። ቧንቧው የትም ቦታ ስንጥቅ ካለው በዙሪያው ያለውን ጭቃና ፍሳሽ ይጎትታል፤ ያንን የሚጠጣው ጎረቤት ብቻ አይደለም።

መጠኑን በቤተሰብ አስሉት። 5 ሰው፣ ለአንዱ በቀን 50 ሊትር፣ ውሃ በ5 ቀን አንዴ ከመጣ 1,250 ሊትር ነው፤ 1,500 ይበቃል። ከዚያ ሲበልጥ ውሃው ሳይታደስ ይከርማል፣ ክሎሪኑም ይደክማል። ክብደቱም አይረሳ፦ በ2,000 ሊትር ሮቶ ውስጥ ያለው ውሃ ብቻ 2 ቶን ነው፣ ለሞራሌ እንጨት የሚተው ሸክም አይደለም።

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው በአሸንዳ ወርዶ ቦይ ይገባል። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። 60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢጥል፣ የሚባክነው አንድ አምስተኛ ተቀንሶ፣ 480 ሊትር ይገኛል። የመጀመሪያው 30 ሊትር አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ በተለየ ቱቦ ይደፋ። ቀሪው ለልብስና ለመጸዳጃ ይሁን እንጂ ከመስመር ውሃ ጋር አትቀላቅሉት።

ሮቶ በ6 ወር አንዴ ይታጠብ። አተላውን አውጥታችሁ ውሃ ሙሉበትና በየ1,000 ሊትሩ 1 ሊትር ሽታ የሌለው ባለ 5 በመቶ በረኪና ጨምሩ። 12 ሰዓት አቆይታችሁ ድፉት፤ አይጠጣም። ከዚያ አንዴ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት።

ውሃው ቶሎ አለቀ ብላችሁ ከመደወላችሁ በፊት የመጸዳጃውን ሳጥን ፈትሹ። አንድ ሲኒ ጥቁር ቡና ጨምሩበትና 20 ደቂቃ ሳትለቁት ጠብቁ። ሳህኑ ላይ ቡናማ ቀለም ከታየ የሚያፈሰው ውስጡ ያለው ጎማ ነው፤ ጎማው ብቻ ይቀየራል፣ ሳጥኑን ሙሉ ለሙሉ ቀይሩ የሚላችሁን አትስሙ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቧንቧና የሮቶ ገጠማ ባለሙያዎቻችሁ