ድምፁ ለመንኮራኩሩ ይታዘዝ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ስለ ሞዴል ባቡር ሲጻፍ የቀለሙ ዓይነት፣ የብሎኑ ቁጥር፣ የሐዲዱ ዝገት ሳይቀር በዝርዝር ይወራል። ድምፅ ላይ ሲደረስ ግን «ድምፅም አለው» ተብሎ ይታለፋል። በእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ሞዴል ላይ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ዓይን የአንድ ሚሊሜትር ስህተት ያልፋል፤ ጆሮ ግን ከመንኮራኩሩ ጋር የማይሄድን ምት ወዲያው ይለያል። ድምፅ የተገጠመላቸው ብዙ ሞዴሎች የሚበላሹትም ድምፃቸው አንሶ ሳይሆን፣ በዝቶና ጊዜውን ስቶ ነው።

ከምቱ እንጀምር። ሎኮሞቲቩ «ቹፍ» የሚለው በሲሊንደር ውስጥ ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት በጭስ ማውጫው ሲወጣ ነው። እንፋሎቱ ፒስተኑን ከሁለቱም ወገን ስለሚገፋ፣ አንድ ሲሊንደር በአንድ የመንኮራኩር ዙር ሁለት ጊዜ ይተነፍሳል። በባለ ሁለት ሲሊንደር ሎኮሞቲቭ የግራና የቀኝ ክራንኮች (የፒስተኑን ግፊት ወደ መንኮራኩሩ ዙር የሚለውጡት ክንዶች) በ90 ዲግሪ ስለሚለያዩ በዙር አራት ምት ይሰማል። በባለ ሦስት ሲሊንደር ስድስት ነው። የእንግሊዙ ሎርድ ኔልሰን ዓይነት አራት ሲሊንደር ሲኖረው ክራንኮቹ በ135 ዲግሪ ስለተደረደሩ ስምንት ምት ይሰጣል። ሌሎች ብዙ ባለ አራት ሲሊንደሮች ግን ሁለት ሁለቱ አብረው ስለሚተነፍሱ ከአራት አያልፉም። የአሜሪካው ቢግ ቦይ ደግሞ ለብቻው ይታያል። በአንድ ቦይለር ሥር ሁለት የመንኮራኩር ስብስቦች አሉት፤ የሚያያይዛቸው ዘንግ ስለሌለ ምታቸው አንዴ ይገጥማል፣ ቀስ እያለ ይለያያል፣ ተመልሶ ይገጥማል። የዚህን ሎኮሞቲቭ ሞዴል እኩል በሚሄድ አራት ምት ብቻ ማስጮህ ግማሹን ሎኮሞቲቭ እንደ መተው ነው።

ምቱ ምን ያህል እንደሚፈጥን በቀላል ስሌት ይገኛል። የመንኮራኩሩ ስፋት 1.6 ሜትር ቢሆን ዙሪያው 5 ሜትር ያህል ነው። ባለ ሁለት ሲሊንደር ሎኮሞቲቭ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በሴኮንድ ሁለት ምት ያህል ይሰማል፤ በ60 ኪሎ ሜትር ደግሞ 13። ባለ ሦስት ሲሊንደሩ የእንግሊዝ ሎኮሞቲቭ ማላርድ እ.ኤ.አ. በ1938 በሰዓት 203 ኪሎ ሜትር ሲደርስ መንኮራኩሩ 2.03 ሜትር ስለነበር ምቱ በሴኮንድ ከ50 በላይ ነበር። እዚያ ላይ የሚሰማው ነጠላ ምት ሳይሆን ወጥ ጉምጉምታ ነው። ስለዚህ በከፍተኛ ፍጥነትም ምቱ አንድ በአንድ ተለይቶ የሚቆጠር ሞዴል ተሳስቷል።

ፍተሻው ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። በዋናው መንኮራኩር ጠርዝ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ያድርጉ። ሎኮሞቲቩን በዝቅተኛው ፍጥነት ያስኪዱና አሥር ዙር እየቆጠሩ ምቱን ይቁጠሩ። ባለ ሁለት ሲሊንደር ከሆነ 40 መሆን አለበት። 37 ወይም 44 ከመጣ ማስተካከያው አልተነካም ማለት ነው። በመካከለኛ ፍጥነትም ይድገሙት፤ በዝግታ ልክ የነበረው ሲፈጥን የሚሸሽበት ጊዜ ብዙ ነው።

ለምን ይሸሻል? አብዛኞቹ የድምፅ ዲኮደሮች፣ ማለትም በሞዴሉ ውስጥ ሆነው ሞተሩንና ድምፁን የሚያዙት ትናንሽ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎች፣ መንኮራኩሩን አያዩትም። ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል ለቅጽበት ያቋርጡና ሞተሩ በዚያች ቅጽበት እንደ ጄኔሬተር የሚያመነጨውን ቮልቴጅ ይለካሉ። ከዚያ ተነሥተው ፍጥነቱን፣ ከፍጥነቱም ምቱን ይገምታሉ። ግምቱ የሚስተካከለው ሲቪ በሚባሉ የዲኮደሩ ማስተካከያ ቁጥሮች ነው፦ ሎክሳውንድ በተባለው ዲኮደር ሲቪ 57 እና 58፣ ዚሞ በተባለው ደግሞ ሲቪ 267። በትዕግሥት ከተሠራበት ጥሩ ውጤት ይሰጣል፤ ነገር ግን ግምት ግምት ነው።

እርግጠኛው መንገድ ሴንሰር ነው። አራት ጥቃቅን ማግኔቶች በአክሱሉ ዙሪያ በ90 ዲግሪ ልዩነት ይለጠፋሉ፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊሜትር ርቀት ላይ ደግሞ ማግኔት የሚለይ የሆል ሴንሰር ይቀመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደናግር ስህተት አለ። አንድ ዋልታ ብቻ የሚለይ ሴንሰር ከሆነ የአራቱም ማግኔቶች አንድ ዓይነት ዋልታ ወደ ውጭ መዞር አለበት። አንዱ ተገልብጦ ከተለጠፈ «ቹፍ፣ ቹፍ፣ ቹፍ» ብሎ የአንድ ምት ዝምታ ይከተላል። ሰው ዲኮደሩን ይጠረጥርና ይቀይራል፤ ጥፋቱ ግን የሩዝ ፍሬ በምታህል ማግኔት ላይ ነው። ከመለጠፍዎ በፊት አራቱን እርስ በርስ አስሳመው ይደርድሩና ወደ አንድ አቅጣጫ ያለውን ፊታቸውን በማርከር ምልክት ያድርጉ። ርቀታቸው እኩል ካልሆነ ደግሞ ሎኮሞቲቩ ያነክሳል። አቀማመጡም ይወስናል፦ ምቱ መሰማት ያለበት ከሁለቱ ወገን የአንዱ ክራንክ ፒን ወደ አግድም መስመር ሲቃረብ ነው፤ ፒስተኑ ጉዞውን ሊጨርስ ሲል እንፋሎቱ የሚለቀቀው ያኔ ነውና።

ምቱ ከተስተካከለ በኋላ ድካሙ ይምጣ። እውነተኛ ሎኮሞቲቭ ከባድ ጭነት ይዞ ሲነሣ ምቱ ወፍራምና ረጅም ነው። ፍጥነት ሲይዝ ነጂው ወደ ሲሊንደር የሚገባውን እንፋሎት ቀደም ብሎ ስለሚቆርጥ ምቱ አጭርና ለስላሳ ይሆናል። እንፋሎቱን ዘግቶ በራሱ ሲንከባለል ደግሞ ቹፍታው ይጠፋና የዘንጎቹ ቅጭልጭልታ ብቻ ይቀራል። ዘመናዊ ዲኮደሮች ይህን ሁሉ ይችላሉ፤ ግን ጊዜ ሊሰጣቸው ይገባል። ሲቪ 3 እና ሲቪ 4፣ ማለትም የመፍጠኛና የመዘግያ ቁጥሮች፣ ዜሮ ላይ ከተተዉ ሞዴሉ መቆጣጠሪያው በተነካበት ቅጽበት የታዘዘውን ፍጥነት ይይዛል፤ ዲኮደሩም የድካሙን ድምፅ የሚያሰማበት ፋታ አያገኝም። «ድምፁ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው» የሚለው ቅሬታ ብዙውን ጊዜ መፍትሔው እዚህ ነው። በመደበኛው የዲሲሲ (የሞዴል ባቡር ዲጂታል መቆጣጠሪያ ሥርዓት) ቀመር ሲቪ 3 ላይ 20 ማስገባት ከቆመበት እስከ ሙሉ ፍጥነት 18 ሴኮንድ ያህል ይሰጣል። ለጭነት ባቡር ይህም ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ጩኸቱ። በኤችኦ ስኬል፣ ማለትም በ1፡87፣ ከሞዴሉ 1 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው እውነተኛውን ሎኮሞቲቭ ከ87 ሜትር እንደሚያይ ነው። ድምፅ ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ከ1 ሜትር ወደ 87 ሜትር ሲኬድ ቅናሹ 39 ዴሲቤል ያህል ነው። ዓይን 87 ሜትር ርቆ እያየ ጆሮ አጠገቡ የቆመ ያህል ሲሰማ አእምሮ ይጣላል። ከፋብሪካ ሲወጡ ድምፃቸው ወደ ጣሪያው ተጠግቶ የሚመጡ ሞዴሎች አሉ፤ ገዢው ደግሞ እንዳለ ይተወዋል። በሎክሳውንድ ጠቅላላ ድምፅ የሚቀነሰው በሲቪ 63 ሲሆን ቁጥሩ ከ0 እስከ 192 ነው፤ በዚሞ ሲቪ 266 ነው። ከግማሽ በታች ይጀምሩ። ፉጨቱ ከክፍሉ ሌላ ጫፍ ይሰማ፤ ቹፍታው በክንድ ርቀት ይሰማ፤ የዘንጎቹ ቅጭልጭልታና የውሃ መክተቻው ሹሹታ ጎንበስ ላለ ሰው ብቻ ይሰማ።

ድምፁ ሲቀነስ «ባዶ ሆነ» የሚል ሰው ስፒከሩን ይመርምር። የስፒከር ፊት አየሩን ሲገፋ ጀርባው ይስባል፤ ሁለቱ ሞገዶች ከተገናኙ ይጠፋፋሉ፣ ቀድሞ የሚጠፋውም ወፍራሙ ድምፅ ነው። ስለዚህ ስፒከር ያለ ሣጥን ስፒከር አይባልም። 11 በ15 ሚሊሜትር የሆኑት የሞባይል ስፒከሮች እንኳ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ፕላስቲክ በተሠራና አየር በማያሳልፍ ሣጥን ውስጥ ሲገቡ ያስደንቃሉ። ማዕዘኖቹን ከውስጥ በማጣበቂያ መስመር ይዝጉ፤ ሽቦው የሚወጣበትን ቀዳዳም አይርሱ፤ አንዲት የመርፌ ቀዳዳ ሙሉውን ልፋት ታባክናለች። ተንደሩን (ከሎኮሞቲቩ ኋላ የሚጎተተውን የነዳጅና የውሃ ጋሪ) መብሳትም ሆነ መሞረድ ካለ ስፒከሩ ከመግባቱ በፊት ያልቅ። ማግኔቱ የብረት ብናኝ ይስባል፤ ብናኙም የስፒከሩን የሽቦ ጥቅልል ይፈገፍገዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ጭርጭርታ አይድንም።

የስፒከሩን ኦም፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መቋቋሚያ መጠኑን፣ ማየትም ግድ ነው። ባለ 8 ኦም ሁለት ስፒከሮች በትይዩ ሲያያዙ 4 ኦም፣ በተከታታይ ሲያያዙ 16 ኦም ይሆናሉ። የቀድሞው ሎክሳውንድ 3.5 ባለ 100 ኦም ስፒከር የሚጠይቅ ነበር፤ ባለ 8 ኦም የገጠመለት ሰው የድምፅ ማጉያውን ያቃጥላል። ሁለት ስፒከር ሲገጠም ፖዘቲቩ ከፖዘቲቭ ጋር ይመሳሰል፤ አንዱ ከተገለበጠ አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ ድምፁ ከአንድ ስፒከርም ያንሳል። በሎኮሞቲቩና በተንደሩ መካከል የሚያልፉት ሽቦዎች ደግሞ ቀጭንና ለስላሳ ይሁኑ። ደረቅ ሽቦ በመታጠፊያ ላይ ተንደሩን ያነሣና ከሐዲድ ያወጣዋል።

ድምፁ በየመሃሉ እየተቆረጠ እንደ አዲስ የሚጀምር ከሆነ ሐዲዱና መንኮራኩሩ ይጽዱ፤ ከዚያ ኃይል ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ካፓሲተር ይጨመር። እዚህም ቁጥር ይመክራል። ሞተሩና ድምፁ አንድ ላይ 0.25 አምፔር ቢወስዱና ቮልቴጁ ከ14 ወደ 8 እስኪወርድ ቢሠሩ፣ ባለ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር የሚያቆያቸው 24 ሚሊሴኮንድ ብቻ ነው። ባለ 2.7 ቮልትና 1 ፋራድ ስድስት ሱፐር ካፓሲተሮች በተከታታይ ሲያያዙ ግን 16.2 ቮልት ይችላሉ፣ 4 ሴኮንድም ያህል ያቆያሉ። በአምስት መቆጠብ አደጋ ነው፤ 13.5 ቮልት ከብዙ ሐዲዶች ቮልቴጅ በታች ነው። ሲሞሉ ኃይል በአንዴ እንዳይስቡ ባለ 100 ኦም ሬዚስተር፣ ሲለቁ ሬዚስተሩን የሚያልፉበት ዳዮድ ያስፈልጋል። ይህ ከሌለ ብዙ ሎኮሞቲቮች አብረው ሲበሩ ማዕከላዊው መቆጣጠሪያ ሾርት የተፈጠረ መስሎት ይዘጋል።

የድምፁ ቅጂ የማን እንደሆነም ይጠየቅ። የአየር ፍሬን ያለው ሎኮሞቲቭ ፓምፑ ፍሬን ከተለቀቀ በኋላ ፈጠን ፈጠን ብሎ ይመታል፣ ግፊቱ ሲሞላ ይዘገያል። በቫክዩም ፍሬን የሚሠራ የእንግሊዝ ሎኮሞቲቭ ላይ ይህን ፓምፕ ማስጮህ፣ ደወል መጨመርም፣ የሌላ ሰው ድምፅ ማዋስ ነው። የአሜሪካው የሞዴል ባቡር አምራች ላየነል እ.ኤ.አ. በ1935 ያወጣው ፉጨት በተንደሩ ውስጥ ትንሽ ሞተር እያዞረ እውነተኛ አየር በክፍሎች ውስጥ የሚነፋ ነበር፤ ቅጂ የለ፣ ቺፕ የለ፣ ግን የራሱ እስትንፋስ ነበረው።

አምራቾችን የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። በሣጥኑ ላይ የስፒከሩ ኦም ይጻፍ። ድምፁ ከየትኛው ሎኮሞቲቭ እንደተቀዳና በዙር ስንት ምት እንደሚሰጥ ይጻፍ። በተንደሩም ውስጥ ክብደት ከመሙላታቸው በፊት ለተዘጋ የስፒከር ሣጥን የሚሆን ቦታ ይተዉ።

ከአክብሮት ጋር
የሞዴል ባቡር ሥራ ወዳጆች የሆንን አንባቢዎቻችሁ